ከጭቃ ሰሌዳ እስከ ሒሳብ መዝገብ

ከ3,700 ዓመታት በፊት በኒፑር ከተማ፣ ጽሕፈት የሚማር ብላቴና ጭቃውን ጠፍጥፎ፣ ሸምበቆውን ቀርጾ ይቀመጥ ነበር። መምህሩ በሰሌዳው ግራ ይጽፋል፤ እርሱ በቀኝ ይገለብጣል፤ ሲሳሳት ደምስሶ እንደገና ይጀምራል። ከቃላት ዝርዝር ወደ ማባዣ ሠንጠረዥ፣ ከዚያም ወደ ውል አጻጻፍ ይሸጋገራል። ዱላም አልቀረለትም። የሚማርበት ሱሜርኛ ያን ጊዜ ከአፍ መፍቻነት ወጥቶ፣ እንደ ግዕዛችን፣ የሊቃውንት ቋንቋ ብቻ ሆኖ ነበር።

የእኛም ቁም ጸሐፊ ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ብዕሩን ከመቃ ቀርጾ በመምህሩ እግር ሥር ዓመታት ይቀመጣል። ሒሳቡ ግን በሌላ ደጅ ነበር፤ በጅሮንዱ በግምጃ ቤት፣ ነጋድራሱ በኬላ ሙያውን የሚለምደው በሥራ ላይ ነው። ደጅ ላልጠና የተከፈተ ትምህርት ቤት አልነበረም።

በ1935 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ጽሕፈትንና ሒሳብን በአንድ ጣሪያ ሥር አገናኘ። በሜክሲኮ አካባቢ ለብዙ ዓመታት ወጣቶች ጣታቸውን በጽሕፈት መኪና ላይ አፍታቱ፤ ዴቢትን በግራ፣ ክሬዲትን በቀኝ አመዛዘኑ። ባንኩም መሥሪያ ቤቱም በእነርሱ እጅ ቆመ። ስለ ሹማምንቱ ብዙ ተጽፏል፤ ደብዳቤውን የመታችውን ማን ጠየቀ?

የኒፑር ልጆች የልምምድ ሰሌዳ ለወለልና ለግድግዳ መሙያ ተጥሎ ነበር፤ ጭቃ በመሆኑ ተረፈ። የእኛዎቹ የልምምድ ወረቀት ግን የቆሎ መጠቅለያ ከመሆን አልዳነም።