ስለ በገና ቅኝትና ስለ እንዝራው

ዐቢይ ጾም በገባ ቍጥር በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ከራዲዮ የሚሰማው የበገና ድምፅ ለሁሉ የታወቀ ነው። ድምፁ እንዴት እንደሚገኝ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለ በገና የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከንጉሥ ዳዊትና ከቀዳማዊ ምኒልክ ይነሣና እዚያው ያበቃል። ትውፊቱን ማክበር ይገባል፤ ነገር ግን መሣሪያውን ራሱን የመረመረ ሰው ሌላም ታሪክ ያገኛል።

በገና ቁመቱ አንድ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ፥ ዐሥር አውታር ያለው ነው። ሁለቱ ምሰሶዎች በቆዳ ከተለበጠው ገበቴ ተነሥተው ከላይ በቀንበር ይያያዛሉ። ከበግ አንጀት የተገመዱት አውታሮች ከቀንበሩ ላይ ይወጠራሉ፤ ከታችም በብርኩማው ላይ ያልፋሉ። ደርዳሪው ተቀምጦ በግራ እጁ ጣቶች ይደረድራል።

አውታሮቹ ዐሥር ይሁኑ እንጂ በጣት ሲደረደር ሁሉም አይጮኹም። እንደ ዓለሙ አጋ ባሉት ደርዳሪዎች ልማድ ድምፅ የሚሰጡት 1ኛው፥ 3ኛው፥ 4ኛው፥ 6ኛው፥ 8ኛውና 10ኛው ናቸው። የቀሩት አራቱ ጣት አውታሩን ከነካ በኋላ የሚያርፍባቸው ናቸው። በድኅንጻ፥ ማለት ከቀንድ ወይም ከእንጨት በተሠራ መምቻ የሚጫወት ግን ዐሥሩንም ይጠቀማል። ቅኝቱ በአብዛኛው ትዝታ ወይም አንቺ ሆዬ ሲሆን፥ ከፍታውን የሚወስነው የደርዳሪው የራሱ ጕሮሮ ነው።

ከዚህ በኋላ ዋናው ችግር ይመጣል። እጅግ ወፍራም ድምፅ ለሰው ጆሮ ደካማ ሆኖ ይሰማል። በሜክሲኮ የማሪያቺ ጓድ ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዘው ጊታሮን የተባለው ትልቅ ጊታር ይህን ችግር የፈታው ሁለት አውታሮችን በአንድነት በመሳብ ነው፤ አንዱ ድምፅ ከነስምንተኛው ስለሚሰማ ከቫዮሊኑና ከመለከቱ መካከል ጐልቶ ይወጣል። የእኛ አባቶች የመረጡት መንገድ ሌላ ነው። በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል እንዝራ የሚባል ትንሽ ቍራጭ ቆዳ አገቡ። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳውን እየነካ ይነዝራል፤ ከወፍራሙ ድምፅ በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ፤ ጆሮም በእነርሱ አማካይነት ወፍራሙን ይለያል። የሕንድ ታንፑራ በአውታሩ ሥር በሚገባ ክር የሚያደርገው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው።

እንግዲህ በገና ሁለት ጊዜ ይቃኛል ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ በቀንበሩ፥ አንድ ጊዜ በብርኩማው። ሁለተኛው ይከብዳል። እንዝራው በጥቂቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢሳሳት አውታሩ ይደነቍራል፤ በትክክል ሲቀመጥ ግን ይናገራል። ይህንን በኖታ መጻፍ አይቻልም፤ ከመምህር እጅ ወደ ተማሪ እጅ ብቻ ይተላለፋል።

በገና ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በብራና ሥዕሎቻችን ላይ ይታያል፤ የመኳንንትም መሣሪያ ነበረ፤ እቴጌ ጣይቱም ይደረድሩ ነበር። በ1966 ዓ.ም. ከፈነዳው አብዮት በኋላ ግን መንፈሳዊ ዜማ ከአደባባይ እየራቀ ሄደ። ዓለሙ አጋ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1972 እስከ 1980 ካስተማሩ በኋላ ትምህርቱ ተቋረጠ። በእኔ ግምት በዚያ ዘመን የከፋው አደጋ የመሣሪያው መጥፋት አልነበረም። እንጨቱና ቆዳው በየቤቱ ተሰቅሎ ሊቆይ ይችላል፤ እንዝራውን የሚያስቀምጠው እጅ ግን አንድ ትውልድ ቢያልፍ ተመልሶ አይገኝም። ዓለሙ አጋ ራሳቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተማሩት በዚሁ የእጅ ቅብብል ነው።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ትምህርቱ በአዲስ አበባ እንደገና ተስፋፍቶ ወጣቶች፥ ሴቶችም ጭምር ይማሩታል። እንደ እንጅባራ ባለ ዝናማም ደጋ በገና የሚይዝ ተማሪ ደግሞ የሚጨመርበት ፈተና አለ፤ አንጀትም ቆዳም እርጥበት ስለሚለውጣቸው፥ በክረምት ጧት የተስተካከለው እንዝራ ማታ እንደገና በጆሮ መፈተሽ ይኖርበታል።