ባሕርን የሚያዩ ቤቶች

ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ ቦታ ይመርጣል፤ ቦታውንም ከመረጠ በኋላ በሩንና መስኮቱን ወዴት እንደሚያዞር ያስባል። ስለዚህ የጥንት ቤት ክዳኑ ወድቆ ግድግዳው ብቻ ቢቀር እንኳ፣ ባለቤቱ ምን ይፈራ፣ ምንስ ይመኝ እንደ ነበር መስኮቱ ይናገራል። በጣና ባሕር አካባቢ ያሉት የነገሥታት ቤቶች ለዚህ ነገር ምስክሮች ናቸው። ከዚህ በታች የሚነገረው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የባሕሩ ዳር ገበሬ ባሕሩን ላይ ብሎ ቤት አልሠራም። የቀድሞው ቤት ክብ ነው፤ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑም ሣር ነው፤ መስኮት የለውም፤ ብርሃንም ሰውም የሚገባው በአንዱ በር ነው። ገበሬው ባሕሩን በሥራው ላይ ሳለ ሲያየው ይውላልና፣ ማታ ከቤቱ የሚሻው ሙቀትንና ከነፋስ መጠለያን ነው። የደሴቶቹም መነኮሳት ቤተ ክርስቲያናቸውን በዛፍ መካከል ሠወሩ፤ ዐይናቸውንም ከውሃው መልሰው ወደ መቅደሱ አቀኑ። ባሕሩን ከቤቱ ሆኖ ማየትን የፈለገ ንጉሥ ነው።

በእንፍራንዝ አጠገብ በኮረብታ ላይ የቆመው የጉዛራ ግንብ፣ ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይባላል። ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት ሲሆን በማዕዘኑ ክብ ግንብ አለው። ከዚያ ሆኖ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሰው ሜዳውን ከእግሩ በታች፣ ጣናንም ከሜዳው ወዲያ ያያል። ዘመኑ ንጉሥ በድንኳን የሚዞርበት፣ ጦርነትም ያላባራበት ዘመን ነበርና፣ ኮረብታው ለውበቱ ብቻ የተመረጠ አይመስልም። ከሩቅ የሚያይ፣ የሚመጣውን አስቀድሞ ያውቃል።

ከ1607 እስከ 1632 የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ ደግሞ ወደ ውሃው ቀረቡ። በጎርጎራ፣ ባሕሩ በሦስት ወገን በሚከብበው ምድር ላይ፣ ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት አሠሩ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው እስፓንያዊ የኢየሱሳውያን ካህን በሥራው እጅ ነበረበት፤ ከሰገነቱም ላይ ባሕሩ ሰፊ ሆኖ እንደሚታይ በጻፈው ታሪክ ገልጧል። ውሃው ለጠላት ቅጥር፣ ለንጉሡም ደስታ ነበር። ነገር ግን መስኮቱ ወደ ባሕሩ የተከፈተው ቤት ከበስተኋላው ያለውን ምድር አላረጋጋም። ንጉሡ በ1622 የሮማን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበሉ፤ አገሩ ተከፋፈለ፤ የወንድማማች ደም ፈሰሰ። በ1632 የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ዛሬ በጎርጎራ የዚያ ዘመን ግንብ ፍራሽ ሆኖ ይታያል፤ ከእርሱ የቀደመችው፣ ክብ የሆነችው የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግን ቆማለች።

ዐፄ ፋሲል ይህን ሁሉ ያዩ ንጉሥ ናቸው። መናገሻቸውን በ1636 በጎንደር ሲያጸኑ ከባሕሩ ዳር ራቁ፤ ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ሲሆን፣ ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ ነው። ሆኖም ማየትን አልተዉም። በአራት ክብ ግንቦች የተደገፈው ቤተ መንግሥታቸው ከላዩ ሰገነት አለው፤ ሰማዩ በጠራ ቀን ወደ ደቡብ ለሚመለከት ጣና ከሩቅ ይታያል። በአባታቸው ቤት ባሕሩ ከደጅ ነበረ፤ በእርሳቸው ቤት ግን ከተማው ቀርቦ ባሕሩ ከአድማስ ሆነ። ንጉሥ ከመስኮቱ አስቀድሞ ሊያይ የሚገባው ሕዝቡን እንደ ሆነ፣ የጎርጎራ ነገር ያስተማራቸው ይመስላል።

በ1667 ዐፄ ፋሲል ባረፉ ጊዜ ሥጋቸው ወደ ባሕሩ ተመልሶ በዳጋ እስጢፋኖስ ተቀበረ። የዳጋ ቤተ ክርስቲያን በደሴቲቱ ራስ ላይ፣ በዛፎች መካከል ናት። ባሕሩን ከሰገነት ያዩ የነበሩት ንጉሥ፣ ዛሬ ባሕሩ በዙሪያቸው ሳለ መስኮት በማያሻው ቤት ዐርፈዋል።