በደቡብ ኦሞ የማህፀን በር ካንሰርን ለመከላከል ምርመራንና ሕክምናን በአንድ ቀን መስጠት

የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ የካንሰር ዓይነት ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለእ.ኤ.አ. 2020 ባወጣው ግምት መሠረት በአገሪቱ በዓመቱ ከ7 ሺህ 400 በላይ ሴቶች በበሽታው የተያዙ ሲሆን፣ ከ5 ሺህ 300 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን አጥተዋል። በሽታው አስቀድሞ ሊታወቅና ሊገታ የሚችል ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ሕይወት የሚቀጥፈው፣ በርካታ ሴቶች ወደ ጤና ተቋም የሚመጡት ሕመሙ ከጠና በኋላ በመሆኑ ነው።

ይህ ችግር በደቡብ ኦሞ የተለየ ክብደት አለው። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው ጂንካ ለበርካታ ዓመታት የዞኑ መቀመጫ ሆና ቆይታለች። አካባቢው በ2015 ዓ.ም በተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛል። በቆላማው ክፍል የሚኖሩት የሐመር፣ የበና፣ የፀማይ፣ የዳሰነች፣ የኛንጋቶም፣ የሙርሲና የቦዲ ማኅበረሰቦች ኑሯቸው በአመዛኙ በከብት እርባታ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ውኃና ግጦሽ ፍለጋም ከቦታ ወደ ቦታ ይንቀሳቀሳሉ። በኬንያ ድንበር አቅራቢያ ከምትገኘው ኦሞራቴ ጂንካ ለመድረስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ያስፈልጋል። በመሆኑም ለከተማ ነዋሪ ቀላል የሚመስለው “ሌላ ቀን ተመለሺ” የሚል ቀጠሮ ለአርብቶ አደር ሴት አገልግሎቱን እንደመከልከል ሊቆጠር ይችላል።

የበሽታው መንስኤ

የማህፀን በር ካንሰር የሚመጣው በአብዛኛው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ወይም በምህፃረ ቃል ኤች ፒ ቪ በተሰኘ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት በሚተላለፍ ቫይረስ ምክንያት ነው። ከቫይረሱ ዓይነቶች መካከል በቁጥር 16 እና 18 ተብለው የሚታወቁት ሁለቱ ብቻ ከበሽታው 70 በመቶ ለሚሆነው መንስኤ ናቸው። ቫይረሱ የያዛቸው አብዛኞቹ ሴቶች ያለ ሕክምና በሰውነታቸው የመከላከል አቅም ይድናሉ። በጥቂቶቹ ላይ ግን ለዓመታት ይቆይና የማህፀን በር ሕዋሳትን እየለወጠ ወደ ካንሰር ያደርሳል።

ይህ ሂደት በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዓመት የሚወስድ ሲሆን፣ የመከላከል አቅማቸው በተዳከመ ሴቶች ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ሴቶች ለበሽታው ያላቸው ተጋላጭነት ከሌሎች ሴቶች 6 እጥፍ ይደርሳል።

የቅድመ ካንሰር ለውጥ ሕመምም ሆነ ሌላ ምልክት የለውም። ከወር አበባ ጊዜ ውጪ ወይም ከግንኙነት በኋላ ደም መፍሰስ፣ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽና የወገብ ሕመም የሚታዩት ብዙውን ጊዜ በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ስለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው ጤነኛ ነኝ ለምትል ሴት ጭምር ነው።

ምርመራውና ሕክምናው

በኢትዮጵያ በስፋት ሥራ ላይ የዋለው ዘዴ ማህፀን በርን በአሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን መመልከት ነው። ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ ከተቀባ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ ነጭ ሆኖ የሚታይ ለውጥ ካለ የቅድመ ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። ዘዴው ላቦራቶሪ የማይጠይቅና የሠለጠነች ነርስ ወይም አዋላጅ ልትሠራው የምትችል ሲሆን፣ ውጤቱም ወዲያውኑ ይታወቃል።

ለውጡ ለሕክምናው አመቺ ሆኖ ከተገኘ በዚያው ዕለት በማቀዝቀዝ ማለትም በክራዮቴራፒ፣ ወይም በሙቀት በማቃጠል ሊወገድ ይችላል። ክራዮቴራፒ በከባድ ሲሊንደር የሚጓጓዝ ጋዝ ይፈልጋል። በሙቀት የሚሠራው መሣሪያ ግን ጋዝ የማያስፈልገው፣ በባትሪ ሊሠራና በእጅ ሊያዝ የሚችል በመሆኑ ለራቁ ወረዳዎች የተሻለ አማራጭ ነው። ካንሰር የተጠረጠረባት ሴት ግን ሳትዘገይ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ አለባት።

የዚህ አሠራር ጠቀሜታ በአገር ውስጥ በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2014 በ14 የጤና ተቋማት ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች ተመርምረው፣ 10 በመቶ በሚሆኑት ላይ የቅድመ ካንሰር ምልክት ተገኝቷል። ክራዮቴራፒ ካስፈለጋቸው መካከልም አብዛኞቹ ታክመዋል። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2007 ዓ.ም ያወጣው አገር አቀፍ መመሪያም ይህንኑ አሠራር የተከተለ ሲሆን፣ ከ30 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ሴቶች ዋነኛ ተጠቃሚ አድርጓል። የዓለም ጤና ድርጅት ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ሴቶች ምርመራውን ከ25 ዓመታቸው ጀምሮ እንዲያደርጉ ይመክራል።

ዘግይቶ የሚገኝ ካንሰር የሚያስከትለው ወጪና እንግልት ከፍተኛ ነው። የጨረር ሕክምና በአገሪቱ ለረጅም ዓመታት ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከጊዜ በኋላ ጅማን በመሳሰሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ቢጀመርም ለደቡብ ኦሞ ሴት ጉዞው አሁንም ረጅም ነው።

ክትባት

ኢትዮጵያ የኤች ፒ ቪ ክትባትን በኅዳር 2011 ዓ.ም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በይፋ የጀመረች ሲሆን፣ በወቅቱ ክትባቱ በሁለት ዙር፣ በዋናነትም በትምህርት ቤቶች ይሰጥ ነበር። በ2017 ዓ.ም ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጃገረዶችን ያካተተ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ክትባት በዘመቻ ተካሂዷል።

አንድ ጊዜ የሚሰጠው ክትባት በየወቅቱ ለሚንቀሳቀስ ማኅበረሰብ አመቺ ነው። ሆኖም ክትባቱን በትምህርት ቤት ብቻ መስጠት ከትምህርት ገበታ ውጪ ያሉትን ልጃገረዶች ያስቀራል። በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አማካይነት በመንደር፣ በገበያና በውኃ ቦታዎች መድረስ፣ ክትባቱንም በቆላው ሙቀት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ጠብቆ ማጓጓዝ ያስፈልጋል። የተከተቡ ልጃገረዶችም ዕድሜያቸው ሲደርስ ከምርመራ መቅረት የለባቸውም።

ከአስፈጻሚ አካላት የሚጠበቀው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ባደረገው ስትራቴጂ እስከ 2030 ድረስ 90 በመቶ የሚሆኑ ልጃገረዶች 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዲከተቡ፣ 70 በመቶ የሚሆኑ ሴቶች እንዲመረመሩ፣ ችግሩ ከተገኘባቸው ውስጥም 90 በመቶ የሚሆኑት እንዲታከሙ ግብ አስቀምጧል። ሦስተኛው ግብ የተመረመሩ ሴቶችን ቁጥር ብቻ ሪፖርት ማድረግ በቂ አለመሆኑን ያስገነዝባል።

በመሆኑም የዞንና የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ለውጥ ከተገኘባቸው ሴቶች ምን ያህሉ በዕለቱ እንደታከሙና ወደ ሆስፒታል ከተላኩትም ምን ያህሉ እንደደረሱ ለይተው መመዝገብ ይኖርባቸዋል። የሕክምናው መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ሳይሟላ የምርመራ ዘመቻ ማካሄድ ሴቶችን ያለ መፍትሔ መመለስ ይሆናል። በማኅበረሰቡ ቋንቋ ማስረዳት፣ ባሎችንና የአገር ሽማግሌዎችን ማሳተፍ እንዲሁም የተንቀሳቃሽ ቡድኖችን ጉዞ ከማኅበረሰቡ የእንቅስቃሴ ወቅት ጋር ማጣጣምም በዕቅድና በበጀት ሊደገፉ የሚገባቸው ተግባራት ናቸው።