የተተከለ ኩላሊትና ወረርሽኝ፦ ከታሪክ የሚገኝ ትምህርት

በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን በመታ ጊዜ የደረሰው እልቂት «የኅዳር በሽታ» እየተባለ እስከ ዛሬ ይታወሳል። በዚያ ዘመን በሌላ ሰው ኩላሊት የሚኖር አንድም ሕመምተኛ በዓለም ላይ አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው አደጋ እንግዲህ ሕክምናው እያደገ ሲሄድ አብሮት የመጣ ነው።

የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በዶክተር ጆሴፍ ሙሬይና በባልደረቦቻቸው የተከናወነው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 1954 በቦስተን ከተማ፣ በፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል ነበር። ለጋሹና ተቀባዩ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ የተቀባዩ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ አልቆጠረውም። እንዲህ ያለ መንታ ለሌላቸው ሕሙማን በሩ የተከፈተው ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዛታዮፕሪንና ስቴሮይድ በጣምራ መሰጠት ሲጀምሩ ነው። በ1980ዎቹ ሳይክሎስፖሪን፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ታክሮሊመስና ማይኮፌኖሌት ተከተሉ። እነዚህ መድኃኒቶች የሚገቷቸው ሊምፎሳይቶች ኩላሊቱን የሚያጠቁ ብቻ ሳይሆኑ ሰውነትን ከቫይረስ የሚጠብቁም ናቸው። ኩላሊቱን የምናድነው ዘቡን በማዳከም ነው ማለት ይቻላል።

የዚህ ዋጋ በግልጽ ከተመዘገበባቸው ጊዜያት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከሰተው የኤች1ኤን1 ኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነው። ልዩ ልዩ የአካል ክፍል የተተከለላቸው 237 ሕሙማን በተጠኑበት ጊዜ 71 በመቶው ሆስፒታል ተኝተዋል፤ 16 በመቶ ያህሉ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተዋል፤ 10 ሰዎችም ሞተዋል። ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው የጊዜው ጉዳይ ነው። ምልክቱ በታየ በ48 ሰዓት ውስጥ ፀረ-ቫይረስ መድኃኒት ካገኙት ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡት 8 በመቶ ሲሆኑ፣ ዘግይተው ካገኙት ግን 22 በመቶ ያህል ነበሩ።

ኮቪድ-19 ፈተናውን አከበደው። እ.ኤ.አ. በ2020 ጸደይ በኒውዮርክ ብሮንክስ በአንድ ሆስፒታል ከታዩት 36 የኩላሊት ተቀባዮች መካከል 10ሩ ሞተዋል። ትኩሳት የታየባቸው 58 በመቶ ብቻ ስለነበሩ፣ ሙቀት ለክቶ «ደህና ነህ» ብሎ ማሰናበት ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ ታወቀ። ክትባቱ ሲመጣም ምላሹ ደካማ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ከሁለት ክትባት በኋላ ፀረ እንግዳ አካል የተገኘባቸው አካል ተቀባዮች 54 በመቶ ነበሩ። በዚያው ዓመት በቶሮንቶ በተደረገ ጥናት ሦስተኛው ክትባት ተጨማሪ ጥቅም እንዳለው ስለታየ፣ ለእነዚህ ሕሙማን ተደጋጋሚ ክትባት መስጠት ተለመደ።

በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተከናወነው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኮቪድ-19 የተገኘው ከአምስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ኩላሊቱን የሚለግሰው በሕይወት ያለ የቅርብ ዘመድ በመሆኑ፣ የተተከለ ኩላሊት ሲጠፋ የሚጠፋው የወንድም ወይም የእናት ስጦታ ጭምር ነው፤ ሕመምተኛውም ወደ እጥበት ይመለሳል።

ስለሆነም ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ልንይዝ ይገባል። አንደኛ፣ ክትባቱ የሚቻል ከሆነ ከንቅለ ተከላው በፊት ይሰጥ፤ ሕያው ተውሳክ ያለበት ክትባት ከንቅለ ተከላ በኋላ አይሰጥም። ሁለተኛ፣ በወረርሽኝ ወቅት ቀላል ሳል ያለበት ተቀባይ ትኩሳት እስኪመጣ ሳይጠበቅ ይመርመር። ሦስተኛ፣ መድኃኒት ሲቀነስም ሆነ ሲጨመር ሕመምተኛውን የሚከታተለው የኩላሊት ሐኪም ይማከር። በፍርሃት መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ከቫይረሱ ቢያመልጥ እንኳ ኩላሊቱን ሊያጣ ይችላል፤ ሪቶናቪር ያለበት የኮቪድ መድኃኒት ደግሞ የታክሮሊመስን መጠን በደም ውስጥ እስከ መርዛማ ደረጃ ያደርሰዋል። የሚቀጥለው ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ ባይታወቅም፣ በቅድሚያ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግን ከወዲሁ እናውቃለን።