ከሸክላ እስከ እጅ ስልክ፤ ድምፅ ወደ ሸሕዲ የወረደበት መንገድ



የዛሬው ንግግራችን ድምፅን ስለሚሸከሙ መሣሪያዎች ታሪክ ነው፤ ይኸውም ስለ ሸክላ፥ ስለ ራዲዮ፥ ስለ ካሴትና ዛሬ በብዙው ሰው ኪስ ውስጥ ስላለው የእጅ ስልክ ነው። ነገሩን የምንመለከተው ከጎንደር ወደ ሱዳን በሚወርደው ጐዳና ላይ ከምትገኘው ከሸሕዲ ከተማና ከመተማ ቆላ ሆነን ነው። የአንድን መሣሪያ ጥቅም ለመመዘን የሚሻ ሰው፥ መሣሪያው አስቀድሞ የገባበትን ቤተ መንግሥት ብቻ አይቶ ሊፈርድ አይገባውም፤ በመጨረሻ የደረሰበትንም ዳር አገር ሊመለከት ይገባዋል።

ሸሕዲ ገንዳ ውኃ ተብላም ትጠራለች፤ ዛሬም የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ከእርስዋ ወደ ምዕራብ ሲወርዱ፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር በተዋጉበት ጦርነት ቈስለው ሕይወታቸውን የሠዉበት የመተማ ምድር ይገኛል፤ ከድንበሩ ማዶም ጋላባት ትታያለች። አገሩ ሰሊጥና ጥጥ የሚበቅልበት፥ ሙቀቱ የጠና ቆላ ነው። ሰሊጥ በሚታጨድበት ወራት ብዙ ሺህ የቀን ሠራተኛ ከደጋው ይወርዳል። ስለዚህ የመተማ ቆላ ከጥንት ጀምሮ መንገደኛ የሚበዛበት፥ ከቤቱ የራቀ ሰው የወገኑን ድምፅ የሚናፍቅበት አገር ነው።

መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት ድምፅን የሚሸከመው ሰው ራሱ ነበረ። የመንግሥት ቃል በነጋሪት ተጐስሞ በአዋጅ ነጋሪ አፍ ይነገር ነበር። ወሬውንና ውዳሴውን፥ ሽሙጡንና ትዝታውን ደግሞ አዝማሪው በማሲንቆው እያጀበ ከአገር ወደ አገር ያዞረው ነበር። ከእንጨት፥ ከቆዳና ከፈረስ ጭራ የተሠራችው ማሲንቆ በትከሻ ላይ ተንጠልጥላ ደጋና ቆላ የምትሻገር ስለ ሆነች፥ የዘመኗ ተንቀሳቃሽ ሙዚቃ እርስዋ ነበረች ብንል ከእውነት አንርቅም። ነገር ግን አዝማሪው ሲሞት ድምፁ አብሮት ይሞት ነበር።

ይህን የድምፅ ሞት ያስቀረው ብልሃት አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን በ1870 ዓ.ም. የሠራው ፎኖግራፍ ነው። መሣሪያው ወደ አገራችን የገባበት ታሪክም ሊታወስ የሚገባው ነው። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ያስተላለፉትን የሰላምታ ቃል በፎኖግራፍ አስቀርፀው፥ ሐሪንግተን በሚባለው መልእክተኛ እጅ ላኩላቸው። ዐፄ ምኒልክም የንግሥቲቱን ድምፅ ቆመው በአክብሮት ሰሙ፤ እየደጋገሙም አሰሙት፤ ስለ ክብሩም መድፍ ተተኰሰ። ከዚህ በኋላ በ1891 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በፈንታቸው የየራሳቸውን ድምፅ አስቀርፀው መልስ ሰደዱ።

አንባቢ ሆይ፥ የዚህን ታሪክ ፍጻሜ ልብ በል። የንግሥት ቪክቶሪያ ድምፅ የተቀረፀበት ሲሊንደር ከተሰማ በኋላ እንዲሰበር ታዝዞ ስለ ነበረ ተሰበረ። የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ግን ተጠብቆ ቆይቶ ዛሬም ይሰማል። የተገረሙበት መሣሪያ የእንግዳ ነበረ፤ ለልጅ ልጅ የተረፈው ግን በመሣሪያው ውስጥ ያኖሩት የገዛ ቃላቸው ሆነ። ፎኖግራፉን ያመጣው ሐሪንግተን ደግሞ ጥቂት ዓመት ቈይቶ፥ በግንቦት 1894 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል ያለውን ወሰን የሚመለከተውን ውል ከዐፄ ምኒልክ ጋር ተፈራርሟል። እንግዲህ ያ ውል መተማንና ጋላባትን በወሰን ለየ፤ ድምፅ ግን ወሰን እንደማያግደው ወደ ፊት እናያለን።

ከዚያ ወዲህ ወደ ጀርመን አገር የተላኩት ተሰማ እሸቴ፥ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት፥ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በበርሊን ከተማ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረፁ። ከአማርኛ ዘፈን መጀመሪያ በሸክላ የተቀረፀው ይህ መሆኑ ይነገራል። የሸክላ ማጫወቻ ግን ውድ ዕቃ ነበረ። ሸክላውም በቀላሉ ይሰበራል፤ ስለዚህ ከመኳንንቱና ከነጋዴው ቤት ወጥቶ በበረሓ መንገድ ሊጓዝ አልቻለም።

በ1928 ዓ.ም. መባቻ የኢትዮጵያ ራዲዮ በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ። ሕዝባችን ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር የሚሄደውን ይህን ነገር አይቶ «ነፋስ ስልክ» ብሎ ሰየመው። እነሆ የዚያ ሰፈር ስም እስከ ዛሬ ነፋስ ስልክ ነው። ሕዝብ አንድን መሣሪያ የራሱ ያደርገው ዘንድ ሲጀምር በራሱ ቋንቋ ስም ያወጣለታል። የጠላት ወረራ ሥራውን ቢያቋርጠውም ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ራዲዮ እንደ ገና ተቋቁሞ ተስፋፋ።

ሆኖም የዚያ ዘመን ራዲዮ ከባድ ሣጥን ነበረ፤ የመብራት ኀይል ወይም ትልቅ ባትሪ ያስፈልገው ነበር። ራዲዮን ከጠረጴዛ አንሥቶ በእረኛና በአራሽ እጅ ላይ ያኖረው ትራንዚስተር ነው። ይህን ትንሽ ዕቃ ባርዲን፥ ብራቴይንና ሾክሊ የተባሉ 3 አሜሪካውያን ሊቃውንት በታኅሣሥ 1940 ዓ.ም. በቤል ቤተ ሙከራ አወጡት፤ ስለዚህም በ1956 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በትራንዚስተር የሚሠራው የመጀመሪያው የኪስ ራዲዮ በ1947 ዓ.ም. በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ። ከዚያም የጃፓን ፋብሪካዎች እያሻሻሉና እያረከሱ በዓለም ሁሉ በተኑት።

ትራንዚስተር በአገራችን ገጠር ያስነሣው ፍቅር እንዲህ በቀላሉ የሚነገር አይደለም። ሰዎች ለራዲዮናቸው በጥልፍ ያጌጠ ልብስ ሰፉለት፤ የባትሪ ድንጋዩ ሲደክምም ጥቂት ነፍስ እንዲዘራ ፀሐይ ላይ አሰጡት። ራዲዮ ያለው ሰው ቤት የጎረቤት ሸንጎ ሆነ። በድንበር ላለ ሰው ደግሞ ራዲዮ ሁለት ወገን የሚሰማበት ጆሮ ነው። ከምሥራቅ የአዲስ አበባው፥ ከምዕራብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተቋቋመው የኦምዱርማን ራዲዮ አለ። የሱዳን ዘፈንና የእኛ ዘፈን ሁለቱም በአምስት ድምፅ ቅኝት የሚሄዱ ዘመዳሞች ስለ ሆኑ፥ ዐረብኛ የማያውቀው አበሻ የካርቱምን ዘፋኝ፥ አማርኛ የማያውቀውም ሱዳናዊ የአዲስ አበባን ዘፋኝ ይወድዳል። የ1894ቱ ወሰን በምድር ላይ ቢሠመርም ለቅኝት አልሆነውም ማለት ነው።

ነገር ግን ራዲዮ ሁሉ አንድ ጕድለት አለው፤ ይናገራል እንጂ አይሰማም። የመተማው ገበሬ ለብዙ ዓመት የሌላውን ድምፅ ሲያዳምጥ ኖረ፤ የእርሱን ድምፅ ግን የሚያዳምጥለት መሣሪያ አልነበረውም። ሸክላ ማሳተምም ቢሆን የጥቂቶች ሥራ ነበረ። ዐምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. በግሉ ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አሳትሞ እስኪያወጣ ድረስ፥ ዘፈን የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ቲያትር የተሰጠ ነበረ። ሸክላው ይታተም የነበረውም በውጭ አገር ነው።

ይህን ጕድለት የሞላው በ1955 ዓ.ም. ማብቂያ የፊሊፕስ ኩባንያ በበርሊን ትርኢት ላይ ያሳየው ካሴት ነው። ካሴት ከሸክላ በሁለት ነገር ይበልጣል። አንደኛ፥ ወድቆ አይሰበርም፤ ክሩ ቢላላ እንኳ በእስክሪብቶ አጠንጥኖ መመለስ ይቻላል። ሁለተኛ፥ ባለቤቱ ራሱ ሊቀዳበት ይችላል። ከዘፈን ይልቅ የከበረው ሥራውም ይህ ሁለተኛው ነው። በስደትና በሥራ ከአገር የራቀ ልጅ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ለእናቱ ይልክ ጀመር፤ እናትም ማንበብና መጻፍ ባታውቅ፥ ጸሓፊ ሳትለምን ምርቃትዋንና ናፍቆትዋን በዚያው ካሴት ቀድታ ትመልስ ነበር። በምኒልክ ዘመን ነገሥታት ብቻ የተጻጻፉበት የድምፅ ደብዳቤ፥ ብዙ ዓመት አልፎ የድኻይቱ እናት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ለውጥ ፈጣን ስለ ሆነ በአጭሩ እንለፈው። የሶኒ ኩባንያ በ1971 ዓ.ም. ዎክማንን አወጣ፤ ሙዚቃም በጆሮ ማዳመጫ እየተሰማ ከሰው ጋር በመንገድ ይሄድ ጀመር። በ1994 ዓ.ም. አይፖድ ብዙ ዘፈን በኪስ አስያዘ። ከእርሱም ስም ተወስዶ በ1996 ዓ.ም. «ፖድካስት» የሚባል ቃል ተፈጠረ፤ ይኸውም በኢንተርኔት ተልኮ፥ ሰሚው በወደደው ሰዓት የሚያዳምጠው የድምፅ ዝግጅት ነው። በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ማተሚያ ቤት ሳይለምኑ የራስን ጽሑፍ ለማውጣት የሚያስችለው ብሎገር የተባለው መሣሪያ ወጣ። በዚያው ዓመት በአገራችን የእጅ ስልክ አገልግሎት ተጀመረ፤ በ1992 ዓ.ም. ገደማም የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት ሥርዐት ውስጥ ስለ ገባ፥ አማርኛ በማናቸውም ኮምፒዩተርና ስልክ የሚጻፍበት መንገድ ተከፈተ።

ዛሬ በዳር አገር ከተሞች ገንዘብ ከፍሎ ዘፈንና ተረክ በሚሞሪ ካርድና በፍላሽ ማስጫን የተለመደ ሆኗል። በእጅ ስልክ ደግሞ ሸክላው፥ ራዲዮው፥ ካሴቱና ጋዜጣው በአንድነት ተጠቃለዋል። ነገር ግን ይህን ሁሉ የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ አሁንም እንደ ትራንዚስተሩ ዘመን አድማጭ ብቻ ነው። በስልኩ ላይ ያለችውን ድምፅ የምትቀዳ ትንሽ ምልክት አንድ ጊዜም ሳይነካት ስልኩ ያረጃል።

ይህ ቸልታ ምን እንደሚያስከፍል የ2015 ዓ.ም. ነገር ያስተምረናል። በሚያዝያ ወር በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ እጅግ ብዙ ሕዝብ በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገረ። የተለያየ ቤተ ሰብ የሚፈላለገው፥ በሕይወት መኖሩን የሚናገረው በስልክ ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም ተዘግቶ ቈየ። ያን ጊዜ በሩቅ አገር ኮምፒዩተር ተከማችቶ የነበረው ዘፈንና ንግግር ሁሉ ለቆላው ሰው እንዳልነበረ ሆነ፤ በእጁ የቀረለት በሚሞሪ ካርዱ ላይ አስቀድሞ ያኖረው ብቻ ነበር። ያልተጣራ ወሬ ግን ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም እግር አውጥቶ ይሄዳል፤ የታመነ ድምፅ በጠፋበትም ስፍራ ይበረታል።

አንባቢ ሆይ፥ ስለዚህ የታሪኩ ትምህርት ይህ ነው፤ መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ በውስጡ የሚኖረውን ድምፅ ግን ባለቤቱ ካላኖረው ሌላ ሊያኖርለት አይችልም። በመተማ ቆላ የአያቶቻቸውን የጦርነት ትረካ በቃል የተቀበሉ ሽማግሌዎች አሉ። የጥንቱን የገበያና የመንገድ ወግ የሚያውቁ ነጋዴዎች፥ ተረታቸውንና ዘፈናቸውን በቋንቋቸው የያዙ የጉምዝ አባቶችና እናቶች አሉ። የአዝማሪው ድምፅ አብሮት እንደ ሞተ፥ የእነርሱም ድምፅ ሳይቀዳ ቢሞት ጥፋቱ እንደ ጥንቱ በመሣሪያ እጦት ሊሳበብ አይችልም።

ሥራውም ቀላል ነው። ነፋስና ጫጫታ የሌለበትን ስፍራ ምረጥ። ሽማግሌውን በአክብሮት አስፈቅድ፤ ስልኩን ወደ አፋቸው አቅርብ። በመጀመሪያ ቀኑን፥ ስፍራውንና ፈቃዳቸው ከሆነ ስማቸውን አስነግር፤ ስምና ቀን የሌለው ድምፅ ከዓመታት በኋላ የማን እንደ ሆነ የሚነግር አይገኝለትምና። በንግግራቸው መካከል አትግባ። ከጨረስህ በኋላ በሁለት ልዩ ልዩ ስፍራ፥ አንዱን በሚሞሪ ካርድ፥ አንዱን በሌላ ሰው እጅ አኑረው። ሰው ሲልክልህም ምንጩን ያላወቅኸውን ድምፅ ለሌላ አታስተላልፍ፤ ከሐሰተኛ ወሬ መካከል የእውነተኛው ድምፅ ዋጋ የሚጠበቀው በዚህ ነው።

ዐፄ ምኒልክ የባዕዱን መሣሪያ ቆመው በአክብሮት ሰሙ፤ ነገር ግን ሰምተው ዝም አላሉም፤ መልስ ሰደዱ። ሸሕዲም ብዙ ዘመን ሰምታለች፤ መልስ የምትሰጥበትም መሣሪያ ዛሬ በልጆችዋ እጅ ይገኛል።