የመስቀል ሰሞን ኤግዚቢሽን፤ ስለ ጉራጌ ቤትና ስለ ሙዚየም ታሪክ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የታሪክ ሙዚየሞች በዓመቱ ውስጥ አንድን ወቅት መርጠው ለሕዝብ ኤግዚቢሽንና የጎብኚ ዝግጅት የማቅረባቸው ልማድ ከየት እንደ መነጨ፥ ለአገራችንስ የሚስማማው ወቅት የትኛው እንደ ሆነ፥ ከጉራጌ አገር ምሳሌ በመነሣት መመርመር ነው። ዓመታቱ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አርቱር ሃሴሊዩስ የተባለው ስዊድናዊ ምሁር ፋብሪካና ከተማ የገጠሩን ኑሮ እያጠፉት መሄዳቸውን ተመልክቶ የገበሬውን ልብስና የቤት ዕቃ ይሰበስብ ጀመር፤ በ1873ም ስብስቡን በስቶክሆልም ለሕዝብ አሳየ። በ1891 ደግሞ እዚያው ከተማ በሜዳ ላይ የተሠራውን ስካንሰን የተባለውን ሙዚየም ከፈተ። ከልዩ ልዩ አውራጃዎች የተነቀሉ ቤቶች እዚያ እንደገና ተተከሉ፤ ጎብኚውም ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ዕቃው ሲሠራና ሲሠራበት ለማየት ቻለ። ይህ ዐይነት ሙዚየም በአውሮፓ ከተስፋፋ በኋላ ሰኔና ሐምሌ ዋነኞቹ የጉብኝት ወራት ሆኑ፤ በዚያ አገር በእነዚህ ወራት ቀኑ ይረዝማልና፥ ተማሪውም ለዕረፍት ይወጣልና። በኛ አገር ግን እነዚሁ ወራት ክረምት ናቸው። ተማሪው ዕረፍት ላይ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወንዙ ይሞላል፥ መንገዱ ይጨቀያል፥ ገበሬውም በሥራው ተይዟል። ስለዚህ ሐሳቡን ከውጭ ስንቀበል ወቅቱን አብረን መቀበል የለብንም።

በአገራችን የባህል ሙዚየም ታሪክ ከተማሪዎች ጋር የተያያዘ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በተከፈተ ማግስት፥ በ1951፥ በኮሌጁ የሥነ ሕዝብ ጥናት ማኅበር ተቋቋመ። አባሎቹ ስለ ልደት፥ ስለ ጋብቻ፥ ስለ ለቅሶና ስለ እጅ ሥራ በየትውልድ አገራቸው የሚያውቁትን ይጽፉ ነበር። የኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት ያደራጁት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የባህል ዕቃዎችን በማሰባሰብ ረገድ ከፍ ያለ ድካም አድርገዋል። በ1961 ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ከሰጡ በኋላ፥ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በሪቻርድ ፓንክኸርስት ዲሬክተርነት ሲመሠረት ሙዚየሙ የተቋሙ አካል ሆነ። እንግዲህ ከየገጠሩ የመጣው ዕቃ የንጉሡ መኝታ ቤት በነበረበት ሕንፃ ውስጥ ስፍራ አገኘ ማለት ነው። ይህ ለዕቃው ትልቅ ክብር ነው፤ ነገር ግን ከባለቤቱ ዐይንና እጅ አርቆታል።

ወደ ጉራጌ አገር ስንመለስ ሌላ ዐይነት ኤግዚቢሽን እናገኛለን። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ወልቂጤ በመስከረም ወር አጋማሽ በመንገደኛ ትሞላለች። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በንግድና በልዩ ልዩ ሥራ የተሰማራው ጉራጌ ለመስቀል በዓል ወደ አባቱ ቤት ይገባልና። ከዚህ አስቀድሞ ሴቶች ቤቱን ያድሳሉ፤ ግድግዳውን ይለቀልቃሉ፥ ዕቃውን ሁሉ አውጥተው ያጥባሉ፥ በቅቤ ዕቁብ ሲያጠራቅሙ የቆዩትንም ቅቤ ያነጥራሉ። የእንጨት ገበታው፥ የቀንድ ማንኪያው፥ ጣባውና በስፌት የተሠራው ሌማት በግድግዳው ላይ በተራ ይሰቀላል። እንግዳው ሲገባ በመጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው፤ ዐይቶም ስለ ቤቱ እመቤት ትጋት ይፈርዳል። ቤቶቹ በጀፎረው፥ ማለት በሰፊው ባለ ሣር የመንደር አደባባይ፥ ግራና ቀኝ ተሰልፈው የቆሙ ስለ ሆኑ ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው ዘመድ እንደ ሙዚየም ጎብኚ ከክፍል ወደ ክፍል ያልፋል። ልዩነቱ ጎብኚው በጣባው መብላቱ ነው።

ስለዚህ በወልቂጤ ሙዚየም የሚያደራጅ ሰው ባዶ ስፍራ ላይ እንደማይጀምር ማወቅ ይገባዋል። ጎብኚው ከእርሱ ይልቅ ዕቃውን ያውቃል። የቀርከሃ መፋቂያ በመስታወት ውስጥ አስቀምጦ «የእንሰት መፋቂያ» ብሎ ቢጽፍበት፥ ስታገለግልበት የኖረችው እናት ምን ትማራለች? ከተማ ተወልዶ ቋንቋውን በግማሽ የሰማው የልጅ ልጇ ግን ብዙ ይማራል፤ አስተማሪዋ እርሷ ከሆነች። እንሰቱ ሲፋቅ፥ ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ሲቀበር፥ ቡላው ሲጠል፥ ቃጫው ሲለይ በተራ የምታሳየው እርሷ ብትሆን ስካንሰን በብዙ ወጪ የፈጠረው ነገር እዚህ በሕይወት ይገኛል።

ነገር ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። አሜሪካዊው ዊሊያም ሻክ በ1966 ባሳተመው ስለ ጉራጌና ስለ እንሰት ባህል በሚናገረው መጽሐፉ እንዳስረዳው፥ የእንጨት ሥራን የሚሠሩት፥ ታላላቁንም ቤት የሚያቆሙት ባለሙያዎች «ፉጋ» እየተባሉ በማኅበሩ ዝቅ ተደርገው ይታዩ ነበር። አንጥረኛውና ቆዳ ፋቂውም ከዚህ ዕጣ አላመለጡም። ከገበሬው ጋር አይጋቡም፤ የመሬት ባለቤትነትም ተነፍገው ነበር። በ1975 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የመሬቱን ሥርዐት ቢለውጥም ንቀት በአዋጅ የሚሻር ነገር አይደለም። እንግዲህ ምሰሶውን እያደነቅን ምሰሶውን ያቆመውን ሰው ሳንጠራ ብናልፍ፥ ኤግዚቢሽኑ የቀድሞውን በደል በሚያምር መልክ ይደግመዋል።

የዚህን ክብደት ለመረዳት ወደ ሶዶ ወርዶ የጢያን ትክል ድንጋዮች መመልከት ይበቃል። በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ስፍራ 36 ሐውልቶች አሉት፤ ከእነርሱም 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ጎራዴው በግልጽ ይታያል፤ የሌላው ምልክት ትርጉም ግን እስካሁን ያከራክራል። አባ አዛይስ በ1920ዎቹ በደቡብ ኢትዮጵያ ተዘዋውረው ስለ እንዲህ ያሉ ድንጋዮች ሲጽፉ ጠራቢዎቹን የሚጠይቁበት ዘመን ካለፈ ቆይቶ ነበር። ድንጋዩን ጠርቦ ያቆመው እጅ ስም አልተወልንም። የዛሬውን ምሰሶ የሚያቆመው ሰው ግን በሕይወት አለ፤ ስሙን ልንጠይቀው፥ ጥበቡንም በራሱ ቃል ልንጽፍ እንችላለን።

ስለዚህ በጉራጌ አገር ለሚደረግ የታሪክ ኤግዚቢሽን ሦስት ነገሮችን ማሳሰብ ይቻላል። አንደኛ፥ ወቅቱ የመስቀል ሰሞን ይሁን፤ ሕዝቡ በዚያ ጊዜ በገዛ ፈቃዱ ይሰበሰባልና። በዓሉ ራሱ ትርኢት እንዳይሆን ግን ዝግጅቱ ከቤተ ዘመዱ ማዕድ በፊት ወይም በኋላ ይደረግ። ሁለተኛ፥ የክረምቱ ዕረፍት ለተማሪው የመሰብሰቢያ ጊዜ ይሁን፤ በእሳት ዳር ከሽማግሌና ከእናት የሰማውን ጽፎ መስከረም ላይ ያቅርበው። ሦስተኛ፥ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር የሠሪው ስም፥ መንደሩና ሙያውን ከማን እንደ ተማረ ይጻፍ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥቂት ገንዘብና ትጋት ይበቃቸዋል። ሦስተኛው ግን ከሁሉ ይከብዳል፤ ሲናቅ የኖረውን ሰው ስም በአደባባይ መጥራትን ይጠይቃልና። የሙዚየሙም ዋጋ የሚታወቀው በዚህ ነው።