ክብ ውስጥ አራት ማዕዘን

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ! ከደብረ ታቦር ተነስታችሁ፣ በገሳይ አድርጋችሁ ጋይንት ስትዘልቁ፣ ቤተልሔም የምትባል ደብር አለች። የድጓ ማስመስከሪያ ናትና የቆሎ ተማሪ ሁሉ ያውቃታል። ከውጭ ላያት እንደማንኛዋም የደጋ ቤተ ክርስቲያን ክብ ናት። ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ሌላ ቤት ይገኛል፤ በድንጋይና በእንጨት የታነጸ፣ አራት ማዕዘን፣ ከክቡ በዕድሜ እጅግ የሚበልጥ። የኋላ ሰዎች አሮጌውን አላፈረሱትም፤ ዙሪያውን ግድግዳ አቁመው፣ ጣራ ደፍተው አቀፉት። ቶማስ ፓከናም የሚባል ጸሐፊ አይቷት በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለዓለም አወራላት። ለመሪጌቶቹማ ምን አዲስ ነገር አለው!

ከተሜው የሥዕል ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት አንድ ላይ ሲሠራ የዘመኑ ፈሊጥ ይመስለዋል። የእኛ ግንበኛ ግን ድሮ ጨርሶታል። በክቡ ቤተ ክርስቲያን መቅደሱ በቅኔ ማኅሌቱና በቅድስቱ ተከብቦ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ መሐል ላይ ይቆማል። ሥዕሉ የሚያርፈው በዚያ ግድግዳ ላይ ነው፤ ሠዓሊው በሸራ ሥሎ ይለጥፈዋል። በሩን መላእክት ሰይፍ መዘው ይጠብቁታል፤ ጊዮርጊስም በፈረሱ ላይ ነው። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ እየዞረ ታሪኩን ይከተላል። የውጩ ግድግዳ ፀሐይና ዝናቡን ስለሚችልለት ቀለሙ ቶሎ አይለቅም።

መጽሐፉስ? እሱ እዚያው ግቢ፣ ለብቻው በቆመው ዕቃ ቤት ነው ያለው። ብራናው በማኅደሩ ሆኖ ከግድግዳ ይንጠለጠላል፤ ኃላፊው ቄሰ ገበዙ ነው። የሣር ክዳን እሳት አይችልምና ዕቃ ቤቱን ለብቻ ማቆም ብልሃት ነው እላለሁ።

ታዲያ ይህን መጻሕፍትን በደብር የማኖር ልማድ በንጉሥ ልክ ሊሠራው ያሰበ ሰው ከዚሁ ከደብረ ታቦር ተነሳ፤ መይሳው ካሳ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ! በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አድባራት መዝብሮ አቃጠለ። ጀግናችን ነው ብዬ ይህን አልሸፍንም። መቅደላ ላይ ሊያሠራው ላሰበው መድኃኔ ዓለም ወደ 1,000 የሚጠጋ ብራና አከማቸ። የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሽጉጡን ጠጣ። እንግሊዞቹ ምርኮውን በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ አወጡት። 350 ያህሉ ብራና ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። ያ ብራና የገባበት ቤት በዚያ ዘመን ሙዚየምም ቤተ መጻሕፍትም ነበር! በ1857 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የንባብ አዳራሹ ትልቅ ጉልላት የደፋ ክብ ነው፤ የቆመው ደግሞ በአራት ማዕዘን ግቢ መሐል። ቤተልሔም አራት ማዕዘኑን በክብ አቀፈች፤ ለንደን ክቡን በአራት ማዕዘን። ተገላቢጦሽ!

ግን አብሮ መኖሩ አልዘለቀም። በ1973 እ.ኤ.አ. ቤተ መጻሕፍቱ በሕግ ራሱን ችሎ ወጣ፤ በ1998 የራሱን አዲስ ሕንፃ ከፈተ። ብራናዎቹ ከእርሱ ጋር ሄዱ። ከዚያው ምርኮ የነበሩት ታቦታት ግን ሙዚየሙ ውስጥ ቀሩ፤ ለጎብኚ አይታዩም፣ የሙዚየሙ ሹማምንት ራሳቸው አያዩአቸውም፣ ከኢትዮጵያ ካህናት በቀር ማንም አይደርስባቸውም። ፈረንጆቹ ሳያስቡት ከሙዚየማቸው ውስጥ መቅደስ ለይተዋል ማለት ነው።